ልጆቹ እየጨፈሩ መዝፈን አቃታቸው፤ የክረምት ሙዚቃዊ ተውኔት ሥልጠና ላይ ምክር እፈልጋለሁ

ጦሳ ሥር
ሰኔ 21፣ ምሽት 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የሰፈራችንን ልጆች እንሰበስብና አጭር ሙዚቃዊ ተውኔት እናዘጋጃለን። ደመወዝ የለውም፤ አዳራሹን በልመና እናገኛለን፤ ከበሮው የአንድ ዘመዴ ነው። ልጆቹ ከ10 እስከ 17 ዓመት ናቸው፤ ዘንድሮ 34 ተመዝግበዋል።

የምጽፈው ያለፈው ዓመት ነገር እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው። ለአዲስ ዓመት ባዘጋጀነው ትርኢት ዘፈኖቹን ከነድምፃቸው ስቱዲዮ አስቀርጸን በፍላሽ ይዘን ገባን። ልጆቹ አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ይጨፍራሉ፣ ዘፈኑ ከድምፅ ማጉያው ይወጣል። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ መብራት ጠፋ። 26 ልጆች መድረክ ላይ ተገትረው ቀሩ። አንዷ አፏን እንደከፈተች ነበረች። ግጥሙን ሁሉም እንደ ውሃ ጠጥተውታል፤ ሁለት ወር አጥንተውታል። ግን አንድም ልጅ ድምፅ አላወጣም። ለምን ያውጣ? በዚያ መድረክ ላይ መዝፈን የፍላሹ ሥራ ነበር። ከበሮው የት ነበር ብትሉ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት፤ ቁልፉ ከጥበቃው ጋር፣ ጥበቃው ሻይ ቤት።

ዘንድሮ በገዛ ድምፃቸው ይዝፈኑ ብዬ ቆርጫለሁ። ነገር ግን ሁለት ቅዳሜ ሞክረን አየሁት፤ ሲጨፍሩ ያለከልካሉ እንጂ አይዘፍኑም። ሲዘፍኑ ደግሞ እግራቸው ይረሳል። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ወደ ዘጠኝ ሳምንት ነው። ምን ያህሉን ለሥልጠና፣ ምን ያህሉን ለትርኢቱ ዝግጅት ልስጥ? ከዚህ በፊት የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቅኝት
ሰኔ 22፣ ጠዋት 1:15

እየጨፈሩ መዝፈን የሚያቅተው ልጅን ብቻ አይደለም። የሙዚቃ መምህር ነኝ፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስማር እኔንም አቅቶኝ ነበር። እስክስታ የሚያናውጠው ትከሻንና ደረትን ነው፤ ድምፅ ደግሞ የሚቆመው እዚያው ደረት ውስጥ በተሰበሰበ አየር ላይ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መልቀቅ የግድ ነው።

መፍትሔው ዘፈኑ አሠራር ውስጥ አለ። የእኛ ዘፈን አውራጅና ተቀባይ አለው። አውራጁ ሲያወርድ ይቁም፤ ቢበዛ እጁን ያንቀሳቅስ። ተቀባዮቹ የሚቀበሉት አጭር ሐረግ ስለሆነ እሱን ብለው ወዲያው ትከሻቸውን ይልቀቁት። ረጅም የሚጨፈርበት ቦታ ከበሮና ማሲንቆ ብቻ የሚሰማበት ይሁን። በየትኛው ስንኝ ላይ ማን ዝም እንደሚል ወረቀት ላይ ጻፉት። አብዛኛው ችግር የልጆቹ ሳይሆን ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር ሁልጊዜ እንዲያደርግ የሚፈልግ አሰልጣኝ ችግር ነው።

ሌላው የድምፅ ከፍታ ነው። አንድ ትልቅ ድምፃዊ በዘፈነበት ከፍታ ልጅን አታዘፍኑ። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፤ ክራርም ጠምዘዝ ሲደረግ ይወርዳል ይወጣል። መሣሪያው ለልጁ ይቃኝ እንጂ ልጁ ለመሣሪያው አይቃኝ። በተለይ ከ12 እስከ 15 ያሉ ወንዶች ድምፃቸው መጎርነን ሲጀምር የሚደርሱበት ከፍታ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ሰኞ ያወጣውን ድምፅ ዓርብ ያጣዋል። «ሰነፍክ» ብላችሁ እንዳትቆጡት፤ በጉሮሮው እንዲገፋም አታድርጉት። ለጊዜው ዝቅ ያለ የተቀባይ ቦታ ወይም ከበሮ ስጡት።

ቁም ነገር
ሰኔ 22፣ ቀን 6:30

ይቅርታ ይደረግልኝና ሙዚቃዊ ተውኔት የሚባለው የፈረንጅ ነገር ነው። ከስምንተኛ ክፍል ፈተና የወጣ ልጅ ክረምቱን ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያጠናበት አይሻልም? ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ሥልጠና ብዙ አይቻለሁ። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ውሎ አበል ይበላል፣ ልጆቹ አንድ ቀን ጨፍረው ይበተናሉ። በዓመቱ ሌላ ባነር።

የድሮው ኪነት
ሰኔ 22፣ ምሽት 1:50

ልጄ ጦሳ ሥር፣ ጽሑፍሽን አንብቤ ሳቅሁም አዘንሁም። የቁልፉ ነገር በእኛም ጊዜ እንደዚያው ነበር።

በ1970ዎቹ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ሲቋቋም እኔ 14 ዓመቴ ነበር። የምንዘፍነውን እኛ አንመርጥም፤ ከላይ ተጽፎ የሚመጣ ነበር፤ ስለዚያ ዘመን ጣፋጭ ወሬ አላወራም። ሥልጠናው ግን ሥልጠና ነበር። ከትምህርት ቤት ስንወጣ በቀጥታ ጥናት እንገባለን፤ ውዝዋዜ፣ ዜማ፣ አጫጭር ድራማ፣ ሁሉንም። ከቀበሌ የተሻለው ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያም ወደ አውራጃና ክፍለ ሀገር ይወጣ ነበር። እኔ ወደ ክፍለ ሀገሩ ቡድን፣ ወደ ወሎ ላሊበላ ኪነት፣ ለመግባት ተፈትኜ ወድቄያለሁ፤ ከፈተናው ክፍል ስወጣ የገባችው ልጅ አለፈች። እስካሁን ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ መውደቄ ተገቢ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አሰልጣኛችን ወደ ጦሳ ዳገት ይዞን ይወጣና እየተራመድን ያዘፍነን ነበር። ሩጫ አይደለም፤ እርምጃ ነው። በአራት እርምጃ አንድ ስንኝ። ትንፋሹ ያለቀበት ዝም ይላል፣ የቀሩት ይቀጥላሉ፣ እሱ በሚቀጥለው ስንኝ ይገባል። ዋናው ነገር ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንዳንተነፍስ ነው። ሁሉም እኩል ሲተነፍስ ዘፈኑ ቀዳዳ ያወጣል። በሦስተኛው ሳምንት ማን የት እንደሚተነፍስ ሳንነጋገር እናውቅ ነበር።

ለቁም ነገር ደግሞ፦ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ አይተው አያውቁም? አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ዱላ መሬት ይመታል፣ ግጥሙ በባለቤቱ ስም ይቀየራል፣ ባለቤቱ ሙልሙሉን ካዘገየ ሙገሳው ወደ ሽሙጥ ይዞራል። ከዚያ በላይ ሙዚቃዊ ተውኔት ምን አለ? ማንም ፈረንጅ አላስተማረንም።

ብራና
ሰኔ 23፣ ጠዋት 3:05

ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ በመድረክ ላይ ያለውም ቢሆን መነሻው ተማሪ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ የቅኔ ሰው ነበር። አዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ተውኔት ይጽፋል፣ መዝሙሩን ከነዜማው ያስጠናል፤ የሚጫወቱለት ተማሪዎቹ ነበሩ። ሀገር ፍቅር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። ከሁለቱም በፊት ክፍል ውስጥ ልጆች ይዘፍኑና ይተውኑ ነበር።

ቁም ነገር ከውጭ የመጣ ነገር መስማት ከፈለገ ደግሞ አርባ ልጆችን ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ናቸው፤ የነፋስ መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ሠራ፣ ዮፍታሔ ግጥሙን ጻፈ፤ የዘውዱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ከዚያ ተገኘ። አንድ የቅኔ ሰውና አንድ አርመናዊ ሙዚቀኛ። የፈረንጅ ነው የእኛ ነው ሲባል እኔ ሁልጊዜ እነዚህ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩት ይታየኛል።

የሁለት ልጆች እናት፣ አትላንታ
ሰኔ 23፣ ምሽት 4:20

እኅቴ፣ የምጽፍልሽ ከአሜሪካ ነው፤ ባለሙያ አይደለሁም፤ ልጄን ስመላለስ ያየሁትን ልንገርሽ።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቷ በዓመት አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ይሠራሉ። እዚህ ለልጆች ተብሎ ያጠረ ተውኔት በፈቃድ ይከራያል፤ ለትልልቆቹ ልጆች ወደ 60 ደቂቃ፣ ለታናናሾቹ ወደ 30 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ተኩል የነበረውን ነው ወደዚያ የሚያሳጥሩት። የዘፈኑም ከፍታ ለልጅ ድምፅ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። የተቀዳ ሙዚቃ አብሮ ይላካል፤ አንዱ መለማመጃ ከነድምፁ፣ ሌላው ያለ ድምፅ። መድረክ ላይ የሚጠቀሙት ያለ ድምፁን ነው። ስለዚህ የተቀዳ ሙዚቃ ራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የልጆቹን ድምፅ ከቀማ ነው ችግሩ።

በየዓመቱ በጥር አጋማሽ፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ሰሞን፣ እዚህ አትላንታ የልጆች ቴአትር ፌስቲቫል ይደረጋል። ከብዙ ግዛት ቡድኖች ይመጣሉ። እያንዳንዱ ቡድን የሚያሳየው ሙሉውን ተውኔት አይደለም፤ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሲጨርሱ ባለሙያዎቹ እዚያው፣ ልጆቹ ገና እያለከለኩ፣ የታያቸውን ይነግሯቸዋል። እኔ ልጄን ማን እንዳሞገሳት ለመስማት ነበር የሄድሁት። እሷ ግን በመኪና ስንመለስ ያወራችኝ ስለ አንድ ሌላ ቡድን ልጅ ነው፤ ተራ ሳይደርሰው መድረክ ጥግ ቆሞ ሌሎቹን እንዴት ይሰማቸው እንደነበር። «እማዬ፣ ምንም ሳያደርግ ነበር ጎበዝ የነበረው» አለችኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ አድርጊ። እነዚህ ቡድኖች ውስጥ መዝፈን የማይፈልግ ልጅ አይባረርም። መጋረጃ የሚስብ፣ ዕቃ የሚያቀርብ፣ ደብተር ይዞ ማን በየት እንደሚገባ የሚመዘግብ አለ። የልጄ ጓደኛ ደብተር ያዥ ናት፤ ስትቆጣ አሰልጣኙም ይፈራታል።

ጦሳ ሥር
ሰኔ 24፣ ምሽት 2:10

ጋሼ፣ መምህር ቅኝት፣ ብራና፣ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሳነብላቸው ባልደረቦቼ 15 ደቂቃ የሚለው ላይ ቆሙ። እኛ ያለፈው ዓመት አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር ያዘጋጀነው። ዘንድሮ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ተስማምተናል። ሰባቱ ሳምንት ለሥልጠና፣ የመጨረሻው ሁለት ሳምንት ብቻ ለትርኢቱ። ይህን ስናገር ግን ሆዴ ቡጭ ቡጭ ይላል።

ታሪኩን ልጆቹ መረጡት። የባቲ ሰኞ ገበያ ነው። አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር በርበሬ ልትሸጥ ትሄድና ትጠፋለች። ገበያው አፋርኛም፣ ኦሮምኛም፣ አማርኛም የሚወራበት ስለሆነ ያገኘችው ሁሉ በሌላ ቋንቋ ይመልስላታል። ዘፈኖቹ ከዚያ ይመጣሉ። የ11 ዓመት ልጅ አህያ መሆን አለብኝ ብሎ ሁላችንንም አሸንፎናል። አህያው ገና ንግግር የለውም፤ እሱ ግን እንዲዘፍን ይፈልጋል።

ሁለት ጥያቄ። ቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው የሚቆምበት የድምፆች አደራደር፣ የትኛው ይሁን? ደግሞ የታወቀ ዘፋኝ ዜማ ላይ የራሳችንን ግጥም ብናስገባ ችግር አለው?

ቅኝት
ሰኔ 25፣ ጠዋት 1:30

ባቲ ገበያ ላይ ሆናችሁ የባቲን ቅኝት ካልተጠቀማችሁ መቼ ልትጠቀሙበት ነው? ባቲም አምባሰልም የቦታ ስም ናቸው፤ የእናንተው አገር ነው፤ የልጆቹ ጆሮ ከሰርግ ቤት ያውቃቸዋል። ግን አትጀምሩበት። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት በትዝታ ሜጀር አሟሙቋቸው፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ ሳይፈሩ ይወጣሉ። ከዚያ ባቲ፤ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። ልዩነቱን በቃል አታስረዷቸው፤ አንዱን ዜማ በሁለቱም ቅኝት ዝፈኑላቸውና «ልጅቷ የጠፋችበት የትኛው ነው? የተገኘችበትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ራሳቸው ይመርጣሉ። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ለዘንድሮ ተዉት፤ ድምፆቹ በጣም የተቀራረቡበት ቦታ ስላለ ትልልቆቹንም ያስታል።

ብራና
ሰኔ 25፣ ጠዋት 4:00

ስለ ዜማው፦ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የሰው ዜማ ወስዶ ግጥሙን ቀይሮ በአደባባይ ማቅረብ ያለ ፈቃድ አይሆንም። የሕዝብ ዜማ ይዛችሁ በልጆቹ ግጥም ሥሩ። ደግሞ ለምን የሰው ቤት ታንኳኳላችሁ? ወሎ ተቀምጦ ዜማ መበደር ሲያዩት ያስቃል።

አባት ነኝ
ሰኔ 26፣ ምሽት 3:00

ልጄ እናንተ ጋ ስለተመዘገበች ነው የምጽፈው፤ ስሜን አልናገርም። ዘፈኑ፣ ቅኝቱ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያለፈው ዓመት ልምምዱ ከ10 ሰዓት በኋላ ነበር። ልጄ ቤት የምትገባው ሲመሽ፣ ያውም በጉም። ስልክ የላትም። ሁለተኛ፣ አንድ አሰልጣኝ አንድ ልጅ ብቻዋን «ድምፅሽን ላስተካክል» ብሎ ሲያስቀር አይቻለሁ። መጥፎ ነገር አድርጓል አላልሁም። ግን አልወደድሁትም።

ጦሳ ሥር
ሰኔ 26፣ ምሽት 3:35

አባባ፣ ልክ ነዎት። ይህን ያለፈው ዓመት ሊነግሩን ይገባ ነበር፤ እኛም ሳይነገረን ማወቅ ነበረብን።

ከሐምሌ 1 ጀምሮ ልምምዱ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5:30 ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለማይቀር የቆርቆሮው ጩኸት ምንም አያሰማም፤ ጠዋቱ ለጆሮም ይጠቅማል። ማንም አሰልጣኝ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይቀርም፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ፣ በሩ ክፍት። ልጆቹ በሰፈራቸው ተቧድነው ይመለሳሉ፤ የቡድኑ ታላቅ ስም ይዞ ያስረክባል። የሚመለከት ወላጅ በፈለገው ቀን መጥቶ ከኋላ መቀመጥ ይችላል። እርስዎም ይምጡ።

ቁም ነገር
ሰኔ 27፣ ጠዋት 2:20

አሁን ቁም ነገር አወራችሁ። አንድ ልጨምር፤ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የ20 ብር ሻይም ቢሆን። ሒሳቡን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት፤ ያው ሒሳብ ይማሩ ብዬ አልነበር?

ሳሪስ
ሐምሌ 4፣ ምሽት 1:10

ዘግይቼ ነው ያየሁት። «ሥልጠና ይቅደም፣ ትርኢት ይቆይ» በሚለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ የዳንስ አዘጋጅ መጥቶ ከመቶ የሚበልጡ የጎዳና ልጆችን ይዞ አንድ ትልቅ ትርኢት አሳየ። ትርኢቱ ነበር የቀደመው። ከእነዚያ ልጆች 18ቱ ተመርጠው ለአምስት ዓመት የሠለጠኑት፣ አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር የሆኑት፣ ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ መድረክ ላይ ቆሞ ሰው ሲያይለት ነው ሥልጠናው የሚገባው። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ዳገት ላይ ብታስወጧቸው ግማሾቹ ይቀራሉ።

የድሮው ኪነት
ሐምሌ 4፣ ምሽት 3:00

ሳሪስ፣ እውነትህን ነው። ረስቼው ነበር፤ እኛም በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ዓርብ ለቀበሌው እድርተኞች እናሳይ ነበር። ያላለቀውን። ሴቶቹ ጥጥ እየፈተሉ ያዩናል፤ ካልጣማቸው ቀና አይሉም። ከዚያ በላይ ዳኛ አላየሁም።

ጦሳ ሥር
ሐምሌ 19፣ ምሽት 2:00

አጭር ወሬ። ሳሪስና ጋሼ ባሉት መሠረት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ 10 ደቂቃ ለወላጆች እናሳያለን። የመጀመሪያው ዛሬ ነበር። 11 ወላጅ መጣ። ከ34 ልጆች 29 አብረውን አሉ፤ ሁለቱ ወደ ገጠር ዘመድ ሄዱ፣ ሦስቱ ዳገቱን ጠሉት።

ዳገቱን እኔም ጠልቼዋለሁ። ግን ይሠራል። በመጀመሪያው ቀን ከሁለት ስንኝ በኋላ የተሰማው ሳል ብቻ ነበር። ትናንት ጉሙ ውስጥ ሲሄዱ ከኋላ ነበርሁ፤ የፊተኞቹ አይታዩኝም፤ ዘፈኑ ግን ሳይቆረጥ ይመጣል። አንዱ ሲተው ሌላው ያነሣዋል። ማን እንደሆነ በድምፁ ለየሁ። ከዚህ በፊት የማንኛቸውንም ድምፅ ለይቼ አላውቅም ነበር፤ ሁለት ክረምት አብረውኝ ሆነው።

የ14 ዓመቱ አውራጅ ልጃችን ድምፁ ጎረነነ። አለቀሰ። መምህር ቅኝት እንዳሉት ከበሮ ሰጠሁት፤ ሦስት ቀን አኮረፈ፤ አሁን ከበሮውን የሚነካበትን ሰው ሊደበድብ ይደርሳል።

የሁለት ልጆች እናት፣ አትላንታ
ሐምሌ 20፣ ጠዋት 12:10

የአህያውን ነገር ሳትነግሪን?

ጦሳ ሥር
ሐምሌ 20፣ ምሽት 1:45

አህያው አራት ስንኝ አግኝቷል። ገበያተኛው ሁሉ በየቋንቋው ሲጮህ እሱ ብቻ የልጅቷን እናት ያየ ነው፤ ግን አህያ ስለሆነ የሚሰማው የለም። ግጥሙን ራሱ ነው የጻፈው። ቤት አይመታም፤ አልነካሁበትም።

የሁለት ልጆች እናት፣ አትላንታ
ሐምሌ 20፣ ምሽት 5:30

ለልጄ አነበብሁላት፤ አማርኛዋ ደካማ ስለሆነ ሁለት ጊዜ። እኛ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ የሚማሩበት ክፍል አለ። «እኛስ ለምን አንሠራውም?» አለች። ጽሑፉን ሲያልቅ ብትልኪልኝ፣ የልጆቹን ስም ደራሲ ብለን ጽፈን፣ ፈቃዳቸውንም ጠይቀሽ። አህያዋ ልጄ ናት፤ ከአሁኑ ይዛዋለች።

ጦሳ ሥር
መስከረም 9፣ ምሽት 3:20

ትርኢቱ ትናንት ሆነ። 31 ደቂቃ። እንዳለ ልንገራችሁ።

አዳራሹ ሞላ፤ ቁሙ የተባሉም ነበሩ። ማይክ የነበረን ሁለት ነው፤ አንዱ ገና በመግቢያው ዘፈን ፉጨት ጀመረ፤ አጠፋነው። የአፋርኛውን ክፍል የያዘው ልጅ ቃሉን ረስቶ በአማርኛ ተናገረው፤ የታሪኩ ነገር እዚያ ላይ ትንሽ ተበላሸ፤ ሰው ግን አላወቀብንም። ደብተር ያዧ ልጅ ግን አወቀች፤ እስከ ዛሬ አላናገረችውም። ገቢው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ቁም ነገር ደስ ይበልዎት፤ የ15 ብር ስሕተት አለበት፤ እየፈለግን ነው።

የጠፋችውን ልጅ የተጫወተችው 12 ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ጥሩ ነው ግን ቀጭን። ብቻዋን የምትዘፍንበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ወረደ። በመስከረም! ሁለት ስንኝ ዘፈነች፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የሰማ ያለ አይመስለኝም። ከኋላ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን ተከናንበው የቆሙ፣ «ጮክ በይ ልጄ፣ አልሰማንሽም!» ብለው ተጣሩ።

እኔ መጋረጃው ጥግ ሆኜ ደረቅሁ። ልጅቷ ዝም አለች። ወደ ከበሮው ልጅ ዞረች። እሱ ምቱን ሳያቆም ዝቅ አደረገው፤ ማሲንቆ መቺው ክሩን ጠበቅ አድርጎ አንድ ደረጃ ከፍ አደረገላት። ማንም አላስተማራቸውም፤ እንዲህ ያለ ነገር በልምምድ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልገጠመንም። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥታ ከመጀመሪያው ስንኝ እንደገና ጀመረች። ተቀባዮቹ ተራቸው ሳይደርስ ከኋላዋ በዝግታ ገቡላት። እናትየዋ «አሁን ተሰማ» ብለው ተቀመጡ።

ቀጣዩ ልምምድ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ይሆናል። ጽሑፉን ለአትላንታ ልኬያለሁ፤ ልጆቹ ፈቅደዋል፤ አህያው ግን «የእሷ አህያ እንደኔ እንዳይሆን» ብሎ መልእክት ልኳል።

አንድ ችግር ቀረኝ። ከበሮው በስተመጨረሻ አንድ ጎኑ ተቀደደ። የዘመዴ ነው ብዬ ነበር። ቆዳ የሚወጥር ሰው የምታውቁ?

የድሮው ኪነት
መስከረም 9፣ ምሽት 4:05

እኔ አለሁ። ሳልመጣ ማንም እንዳይነካው። ቅዳሜ ጠዋት 2:30 እደርሳለሁ፤ የከበሮው ልጅ ይኑር፤ ሲወጠር ይይ።